ዳምጠው ስለሚጠብቃቸው ጨዋታዎች የተጻፈ አስተያየት

ለመዝናኛ ቤቶች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ዋና ኃላፊ

ትላንት ጠዋት አንድ መንገድ የሚጠቀጥቅ ዳምጠው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ገብቶ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ቆሟል።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ባልደረቦችዎንም ጨዋታ በዓይን ብቻ ሲመረምሩ በር ደጃፍ ከቆሙበት ድካም ሙሉ በሙሉ አገግመው እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ዓይን ትልቅ ጸጋ ነው፤ በተለይ ሲያይ የሚውል ዓይን።

እንደሚያስታውሱት ባለፈው ሳምንት ባልደረቦችዎ የሰፈራችንን ጌም ቤት አሽገው ማጫወቻዎቹን፣ ስክሪኖቹንና መሪ ያለውን አንድ የቆየ የመኪና ማጫወቻ ጭነው ወስደዋል። በታሸገው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንደሚለው፣ ዕቃዎቹ ለባለቤቷ ይመለሱ ወይስ ይወገዱ የሚለውን ኮሚቴዎ በመጪው ሐሙስ ጠዋት ይወስናል። እስከዚያው ድረስ «በቅርቡ በተጫወቷቸው ጨዋታዎች ላይ አስተያየት ያላቸው ነዋሪዎች» በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ተጋብዘዋል። በጋዜጣ ሥራ አርጅቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላዬን በዚያ ቤት የማሳልፍ ሰው ነኝና፣ ግብዣውን በምስጋና ተቀብያለሁ። ውሳኔው ለሐሙስ ሆኖ ሳለ ዳምጠው ለምን አስቀድሞ እንደመጣ አልጠይቅም። ፍርድ ሳይሰጥ ገመድ የሚያዘጋጅ ቤት፣ ቢያንስ ቢያንስ ገመድ አጠረኝ ብሎ አያፍርም።

ወደ አስተያየቴ ከመግባቴ በፊት ባለቤቷን ላስተዋውቅዎ። በሰፈሩ «ዳኛዋ» ትባላለች፤ ስሙን ያወጡላት ጠበኞች ናቸው። በቤቷ አንድ ሕግ አለ። የተሸነፈ ሰው ለምን እንደተሸነፈ ጮክ ብሎ ሳይናገር ጆይስቲኩን ለተረኛ አያስረክብም። «ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው» አይሠራም፤ «ጆይስቲኩ ስለሚይዝ ነው» ጭራሽ አይሠራም። «ተው እንጂ ወንድሜ፣ እውነቷን!» ትላለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፤ ሰውየው «እሺ፣ ማቀበል ሲገባኝ ስግብግብ ሆኜ ነው» እስኪል ድረስ ቤቱ በሙሉ ይጠብቀዋል። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ሁሉ ከአንድ ባለሥልጣን አፍ ያልሰማሁትን ዓረፍተ ነገር በዚያች ጠባብ ክፍል በየቀኑ ስሰማ ኖሬአለሁ።

ዳኛዋ ከእሽጉ ወዲህ በየጠዋቱ ከአጥርዎ ውጭ ቆማ፣ በግምጃ ቤቱ መስኮት ዕቃዎቿን አይታ ትመለስ ነበር። ከእነዚያ ዕቃዎች ሌላ የምትኖርበት ሥራ የላትም። ትላንት ግን ዳምጠው ሲገባ አየችና አልተመለሰችም። ጥበቃው «እህቴ፣ አይዞሽ፣ ከሐሙስ በፊት ማንም አይነካውም» ቢላት «ታዲያ ይሄ ምን ሊያደርግ መጣ? ሊጠይቃቸው?» አለችው። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፤ የተቀመጠበትን ወንበር አውጥቶ ሰጣት። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እዚያው እንደተቀመጠች ነው።

አስተያየቴና ቅሬታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ስለ ምርመራው አካሄድ። ምርመራው ሲካሄድ እዚያው ነበርኩ። ሦስት ባልደረቦችዎ መጡ፤ ወንበር ቢቀርብላቸው «ሥራ ላይ ነን» ብለው በሩ ሥር ቆሙ። ሙዚቃው እንዳያባብላቸው ድምፁን አስጠፉ። ከዚያም የእያንዳንዱን ጨዋታ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ብቻ ተመልክተው፣ አንገታቸውን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየነቀነቁ ፈረዱ። ዳኛዋ «እስኪ አንዴ ሞክሩት፣ አይናከስም» ብላ ጆይስቲክ ብትዘረጋላቸው፣ የቡድኑ መሪ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «የተጫወተ ሰው መርማሪ አይሆንም» አሉ። ሳይቀምሱ ጨው በዛበት ማለት ምላስን ከመቃጠል ያድናል፤ ስለዚህ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከዚህ በታች የማነሳው ሁሉ የእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ፍሬ ነው።

፪. ስለ እርሻው ጨዋታ። ይህ በዚህ ዓመት የወጣ አዲስ ጨዋታ ነው። ሲጀምር አንዲት ልጅ አባቷን ትቀብራለች፤ ከዚያ ባድማ ሆኖ የቀረ መሬቱን ትረከባለች። ባልደረቦችዎ ያዩት ቀብሩን ነው። ከመካከላቸው አንዷ ባለሙያ «ውይ፣ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» ብለው ሲጠይቁ አጠገባቸው የነበረው ወጣት «አባቷ ሞቶባት ነዋ፣ እትዬ» አላቸው፤ ጨዋታውም «ሞትን ያሳያል» ተብሎ ታገደ። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከተጫወትኳቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ጉድለት አለው። ዝናቡ በተፈለገ ቁጥር የሚመጣ ታዛዥ ዝናብ ነው፤ ጎረቤቶቹም ከሚገባው በላይ ደጎች ናቸው። አህያው ግን እውነተኛ ነው። በጣም ሲቸኩሉ ይቆማል፤ ሲተዉት ተከትሎ ይመጣል። ሽንኩርቴን ውርጭ የመታው ዕለት ከቤቴ ሰው ጋር ሳልነጋገር አደርኩ። ልጅቷ በመጨረሻ አባቷ የተከለውን ዛፍ ትቁረጠው ወይስ ትተወው የሚለውን ጨዋታው ለተጫዋቹ ይተዋል፤ ምን እንዳደረግኩ አልነግርዎትም። እሱ ከአሥረኛው ደቂቃ በጣም ይርቃል።

፫. ስለ ተፈቀደው ጨዋታ። ባልደረቦችዎ ከሁሉም አንድ ብቻ ወደዱ፤ «የግብርና ይዘት ያለው፣ ለሕፃናት የሚመከር» ብለውም መዘገቡት። የቆየ ጨዋታ ነው፤ ምስሉ ሻካራ ከመሆኑ የተነሳ የወታደሮቹ ፊት ሳይለሰን የቀረ ግድግዳ ይመስላል። አዎን፣ ወታደሮች ብያለሁ። ጨዋታው ሲጀምር ገበሬዎች ስንዴ ያጭዳሉ፣ ወፍጮ ይዞራል፣ ዳክዬ ይዋኛል። ልክ አሥረኛው ደቂቃ አልፎ ስንዴው ጎተራ ሲገባ ግን፣ ያ ስንዴ ለምን እንደታጨደ ይታወቃል፤ ሠራዊት ሊቀለብበት ነው። ከዚያ በኋላ የጎረቤትን ከተማ ማቃጠል፣ ጉድጓዱን መመረዝ፣ የተረፈውን ማርኮ ወፍጮው ላይ ማሰማራት ነው። እኔ በግሌ ብዙ ከተማ አቃጥዬበታለሁ፤ ድንቅ ጨዋታ ነው፣ ጨካኝና ብልህ። ዳኛዋ ግን ለትንንሾቹ ከፍታው አታውቅም፤ ለእሱ ጢም የሚያስፈልግ መስሏት ነበር። ለሕፃናት እንዲመከር ጽሕፈት ቤትዎ ስላስተማራት በእሷ ስም አመሰግናለሁ።

፬. ስለ ኳሱ። «ተደጋጋሚ መውደቅና ሰውን መጣል» ተብሎ ታግዷል። ኳስ ነው፣ ክቡር ሆይ። አስተያየቴ አጭር ነው፤ ከአምናው የተለወጠው የተጫዋቾቹ ፀጉር ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ታግዶ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ እፈርምልዎ ነበር።

፭. ስለ ጡብ መደርደሪያው። ይህ ከሁሉም የቆየው ነው፤ ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን ክፍተት ሳይተዉ መደርደር፣ የሞላ ረድፍ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ መደርደር። «የተሠራን ነገር ማፍረስ ያስተምራል» የሚለው የኮሚቴዎ ግኝት ግቢዎ ውስጥ የቆመውን ባለ ከባድ ጎማ መሣሪያ ሳላይ ባነበው ኖሮ የበለጠ ባሳመነኝ።

፮. ስለ መኪናው። እዚህ ላይ ቀልዴን ለጊዜው እንዳስቀምጥ ይፍቀዱልኝ፤ መልሼ አነሳዋለሁ።

መሪ ያለው የመኪና ማጫወቻ «ሕገ ወጥ አነዳድን ያበረታታል» ተብሎ ለመወገድ ከታጩት የመጀመሪያው ነው። አስተያየት ከተጠየቅኩ፣ ተራሮቹ ካርቶን ናቸው፤ ባሕሩ የፈሰሰ ቀለም ይመስላል፤ መኪናው ሲታጠፍ ቁም ሣጥን የሚገፉ ያህል ነው። ከድልድዩ በኋላ ያለችው የግራ ኩርባ ግን በጥንቃቄ የተሠራች ናት፤ ቀስ ላለ ታሳልፋለች፣ ለቸኮለ ገደሉን ታሳያለች።

ይህን የነገሩኝ ጋሼ ፍሬን ናቸው። ጋሼ ፍሬን ዕድሜያቸውን በከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት የጨረሱ ሰው ሲሆኑ አምና ስትሮክ ግራ እጃቸውን ጥሎባቸው ወደ ጌም ቤቱ መጡ። መጀመሪያ ላይ ዳኛዋ ግራ እጃቸውን በሻርፕ ከመሪው ጋር ታስርላቸው ነበር። በዚያች ኩርባ ላይ በየቀኑ ገደል ይገቡ ነበር። ሕጉ ለእሳቸውም አይታጠፍምና በየቀኑ «ግራዬ ስላልታዘዘኝ ነው» ብለው ለሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሻርፑ ተፈታ። አንድ ከሰዓት ኩርባዋን ጣታቸውን መሪው ላይ ጠቅልለው ዞሯት፤ ቤቱ በጩኸት ሲሞላ እሳቸው «ዝም በሉ፣ መንገደኛ አስደነገጣችሁ» አሉ።

ሕገ ወጥ አነዳዳቸውንም ልግለጽልዎ። መሣሪያው ፍሬቻ ስለሌለው ከመታጠፋቸው በፊት «ግራ ነኝ!» ብለው ያስታውቃሉ። ማንንም ቀድመው አያውቁም። ሌሎቹ መኪኖች ሁሉ ጨርሰው ስክሪኑ ላይ የቀሩት እሳቸው ብቻ ሲሆኑ ወጣቶቹ «ጋሼ፣ ሌላው'ኮ ቤቱ ገብቶ ልብሱን ቀይሯል!» ይሏቸዋል። «እሱ ብቻውን ነው፤ እኔ ሕዝብ ጭኛለሁ» ይላሉ። ባልደረቦችዎ በአሥሩ ደቂቃ ያዩት ሌላ ሰው ሲነዳ ነው፤ ጋሼ ፍሬን የዚያን ዕለት ሐኪም ቤት ነበሩ። እጃቸውን የምታየው ባለሙያ «ምን እየሠሩበት ነው? በዚያው ይቀጥሉ» ብላቸው ደስ ብሏቸው ሲመለሱ በሩ ታሽጎ አገኙት።

ከዚያ ወዲህ እጃቸውን ከኪሳቸው አያወጡትም። ባለሙያዋ የሚጨመቅ የጎማ ኳስ ሰጥታቸዋለች፤ ትላንት ስጠይቃቸው «ኳስ ወዴት ይነዳል?» አሉኝ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቻቸው መልሰው መታጠፍ ጀምረዋል፤ አይቻለሁ። ያንን ዓይነት መሪ የሚሠራው ፋብሪካ ደግሞ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ዳኛዋ በየጥገና ቤቱ ጠይቃ ሌላ አላገኘችም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት «ይወገድ» የሚለው ቃል ዳምጠው ላይ ላለው ሰው ሲደርስ፣ ሥራው ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ የሚመለስ ግን አይደለም።

ቀልዴን መልሼ አንስቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ ነገር ቀላል ነው። የኮሚቴዎ አባላት ከመፍረዳቸው በፊት እያንዳንዳቸው ተቀምጠው፣ ድምፁን ከፍተው፣ አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ይጫወቱ። ቢሸነፉም አያፍሩ፤ ምክንያቱን ጮክ ብለው ተናግረው ተራውን ለሌላው ማስረከብ ይችላሉ። በዚህ ከተማ ይህን ልምድ የሚያውቅ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም በእርስዎ ማኅተም ተጠብቆ ይገኛል።

ላደረጉልን ጥበቃ፣ ከእርሻ አድነው ለጦርነት ስላበቁን፣ ከኳስ ጥቃት ስለሰወሩን፣ አንድ አዛውንት በቀስታ ሲነዱ ሊያደርሱት ከሚችሉት አደጋም ከተማችንን ስለታደጉ ያለኝን ምስጋና ይህ ወረቀት አይችለውም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለኮሚቴዎ ምቹ ወንበርን፣ ለዳምጠውም የማይድን የሞተር ችግርን እየተመኘሁ፣ ከአጥርዎ ውጭ ሆኜ በማይናወጥ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የዚያው ጌም ቤት ደንበኛ የሆንኩ አንድ ጡረተኛ

ማሳሰቢያ፦ ስለ ዓሣ ማጥመጃው ጨዋታ አስተያየት ያልሰጠሁት ጎበዝ ስላልሆንኩበት ነው። እሱ «በእንስሳት ላይ ጭካኔ» ተብሎ የታገደው ነው። ጨዋታው የተጫነበት አዲሱ ማጫወቻ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር በጌም ቤቱ ስም ለደንበኞቹ ስልክ «ገብቷል»፣ «ወጥቷል» የሚል መልእክት ተጫዋቹ ከደረሰበት ደረጃ ጋር ይልካል። ምናልባት ይህን የሚያውቅ ባልደረባ የለዎትም ይሆናል። ከእሽጉ ማግስት ጀምሮ በግምጃ ቤትዎ ያለው ማጫወቻ በየሥራ ቀኑ ከምሳ ሰዓት በኋላ ሲገባ፣ ሠራተኛ ሲወጣ ደግሞ ሲወጣ ሁላችንም በስልካችን እያየን ነው። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ቀን ክር ሲበጥስ ዋለ፤ ትላንት ሐይቁን ጨርሶ ባሕር ገብቷል። እኔ ባሕሩን አይቼው አላውቅም። ማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ትዕግሥቱን ግን አደንቃለሁ። በጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያ መሠረት በቅርቡ የተጫወተ ሰው ሁሉ አስተያየት ማቅረብ ይችላልና፣ ኮሚቴው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የዳኛዋ ዕቃዎች ይመለሱ ወይስ ይወገዱ ብሎ እጅ ከማውጣቱ በፊት የእኚህን ዓሣ አጥማጅ ቃል እንዲሰማ በትሕትና አሳስባለሁ።