ያኔ እምቢ ያልሽው አገር

መተማ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድሮ በስሟ እጠራት ለነበረች፣ ዛሬ ምን ብዬ እንደምጠራት ለቸገረኝ፤

እንደምን ከርመሻል? የደባርቅ ብርድ እንዴት አድርጓችኋል? የልጅሽ የመስከረም አስምስ ተሻላት? የእትዬ አሰበች ጉልበትስ? እናትሽ በእኔ ባይደሰቱም ጤናቸውን ሳልጠይቅ ደብዳቤ መጀመር አልሆነልኝም። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ብሶበታል፤ የጋራዡን ቆርቆሮ በእጅ መንካት አይቻልም። እንግዲህ ለምደነዋል።

የላክሽው ወረቀት በሾፌሩ በደሴ እጅ ደርሶኛል። ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ስላለፈው እኔም በወረቀት መለስኩልሽ። ገዳሪፍ ላይ ቤት ይገኛል ወይ፣ ውሃው እንዴት ነው፣ ለልጄ መድኃኒት ይገኛል ወይ፣ ምን ይዤ ልምጣ፤ ጥያቄሽ ሁለት ገጽ ሞልቷል። እውነቱን ልንገርሽ? አንብቤ ስጨርስ ተናድጄ ወረወርኩት። ኋላ ደግሞ ግሪስ እንዳይነካው ብዬ አነሳሁት።

ከስምንት ዓመት በፊት ወደዚያው አገር እንድትመጪ ስለምንሽ ምን እንዳልሽኝ ረሳሽው? ገዳሪፍ የኮምባይነር መካኒክ ነበርኩ፤ አገሩ ሰላም ነበር፤ ነይ አብረን እንኑር ብዬ ሽማግሌ ላክሁ። አንቺ “ሰው አገር ሄጄ ማንን አውቃለሁ? በወባ ልታስጨርሰኝ ነው?” አልሽ። እትዬ አሰበችም “ልጄን ለቆላ አልድርም” ብለው ሽማግሌዎቼን ከደጅ መለሷቸው። ይሁን። አሁን ግን ጦርነት ገብቶ፣ የዚያ አገር ሰው ፍራሹን ተሸክሞ በድልድያችን ላይ ሲጎርፍ፣ ባሌ ለተፈናቃዮች ሕክምና ተቀጠረ ብለሽ ትንሽ ልጅ ይዘሽ ወደዚያ ትሄጃለሽ። ሰው ሁሉ በሚወጣበት በር መግባት ምን ይሉታል? እኔ ያኔ የጠላሽው አገሩን መስሎኝ ነበር።

ቢሆንም ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። መጀመሪያ ኬላው አጠገብ ያለ አንድ ቢሮ ስለ መግቢያ ወረቀትሽ ልጠይቅልሽ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አንድ ቀን ሲስተም የለም አሉኝ። በማግሥቱ ፈራሚው ስብሰባ ነው አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ቀና ብሎ “ለመሆኑ አንተ ለሴትዮዋ ምኗ ነህ?” አለኝ። ዘመድ ነኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው የጋብቻ ወረቀትሽ ወደ ዐረብኛ ተተርጉሞና ማኅተም ተደርጎበት ካልመጣሽ ከነልጅሽ እንደሚመልሱሽ የነገረኝ። አደራ፣ ዋናውንና ቅጂውን በአንድ ቦርሳ አትያዢው። ስለ ጋብቻ ወረቀትሽ የምመክርሽ እኔ መሆኔ ግን፣ እግዜር ያሳይሽ።

ከዚያ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ገዳሪፍ ገባሁ። ባልሽ ያለበት የድርጅቱ ግቢ ቤተሰብ አይቀበልም፤ ከተማው ደግሞ ከካርቱም በመጣ ተፈናቃይ ተጨናንቋል፤ ሰው በየትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ነው የሚያድረው። ሁለት ቀን ሙሉ ዞርኩ። ጭራሽ ሲጠፋ፣ ልሄድበት ያልፈለግሁት ቦታ ሄድኩ፤ ወደ ድሮዋ አከራዬ ወደ ሐጃ ዘሀቢያ።

ቤቷ ያችው ያኔ አንቺን ስጠብቅ የተከራየኋት ባለሁለት ክፍል ቤት ናት። የእህታቸው ልጅ ተጠግታባት ነበር፤ በዚህ ወር መጨረሻ ትለቃለች። በራቸው ላይ ሳሚያ የምትባል አንዲት የካርቱም ሴት ሦስት ልጆቿን አሰልፋ ለዚያችው ቤት ትለምናለች። ሐጃ ዘሀቢያ እኔን ሲያዩ መቁጠሪያቸውን ትተው ተነሡ። ገና ጉዳዬን ሳልናገር “ጃት?” አሉኝ፤ “መጣች?” ማለታቸው ነው። ማን እንደሆነች አልጠየቅኋቸውም። ትመጣለች፣ በሚመጣው ወር ትገባለች አልኳቸው። እልል አሉ። ወዲያው ወደ ሳሚያ ዞረው “ቤቱ ባለቤት አለው፤ ከተያዘ ቆይቷል” አሏት። ሳሚያ የትንሹን ልጅ እጅ ይዛ ወጣች። ቤቱን ልተውላት ይገባኝ ነበር፤ አልተውኩላትም።

ይህን የጻፍኩልሽ ቤትሽ በማን መውጣት እንደተገኘ እንድታውቂው ነው። ስትደርሺ አፈላልጊያት፤ ካገኘሻት አንዱን ክፍል ስጫት። ይሄ ምክር አይደለም፣ ልመና ነው። ስለ ባልሽም ለሐጃ ዘሀቢያ አላነሳሁላቸውም። እሱን ሲያዩ ግራ ከገባቸው አንቺው አስረጃቸው።

ብርድ ልብስና ጋቢ ተሸክመሽ እንዳትመጪ፣ ትስቂበታለሽ። አጎበር፣ በርበሬና ሽሮ ያዢ። የመስከረምን የአስም መድኃኒት ግን የስድስት ወር ግዢ፤ የፋርማሲዎቹ መደርደሪያ ባዶ ነው፤ ባልሽ ሐኪም ቢሆን መድኃኒት ከኪሱ አያወጣም። አቧራ ሲነሣ ልጅቷን ወደ ውስጥ አስገቢያት፤ መስኮቶቹ ላይ ጥሩ ወንፊት ሽቦ ተመትቷል። ውሃ በአህያ ጋሪ እየዞረ ይሸጣል፤ ሳታፈዪ እንዳትጠጡ። “ሞያ” ሲሉሽ ደግሞ ባልትናሽን የጠየቁሽ እንዳይመስልሽ፣ ውሃ ማለታቸው ነው። ልጅቷን ይህችን ቃል አስቀድመሽ አስተምሪያት።

ፓስፖርትሽን ለደላላ አትስጪ፤ አማርኛ ስለተናገረ ወገን አይደለም። በገባሽ በሦስት ቀን ተመዝግበሽ ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ማለቴ ነው፣ አስጀምሪ። ጎረቤት “ግቢ” ካለሽ ግቢ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በሬን ዘግቼ፣ የሚመጣ ሰው አለኝ እያልኩ አባከንኩት። ወባ ሲጥለኝ ውሃ ያቀበለኝ ሰላም ያላልኩት ጎረቤት ነው።

ከጎንደር በጠዋት ተነሺ። ከሰዓት በኋላ ከሸሕዲ ወዲህ አትንቀሳቀሺ፤ መንገዱ አያስተማምንም። ሰኔ ከገባ ደግሞ ጭቃው መኪና ይውጣል፤ ስለዚህ ግንቦት ሳይጋመስ እለፊ።

ድንበሩ ላይ አንተ ትቀበለናለህ ወይ ላልሽው፣ አልቀበላችሁም። ደሴ ድልድዩን አሻግሮ ለባልሽ ያስረክባችኋል፤ ነግሬዋለሁ። እኔ በዚያ ሰሞን ኮምባይነር ልጠግን አብደራፊ እሄዳለሁ። በግንቦት ምን የሚታጨድ አለ እንዳትዪኝ።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ። ልጅሽን ትንፋሿን አያሳጣት። ሰው አገር ሰው አያሳጣሽ።

የአገርሽ ልጅ