ትርፉ ዓደን ነው ያለው

ሰኔ ፫
ዝናብ። ቆዳው አልደረቀም፤ የኩባንያው መጋዘን ይገማል፣ እኔም እገማለሁ። ሙደሲር ከሱቁ አርባ የፍየል ሌጦ አምጥቶ ሸጠልን። እያገላበጥኩ አየሁት፤ አንድም ቢላ የነካው ቦታ የለበትም።
«ፍየሎችህ ካንተ ይወፍራሉ» አልኩት።
«እኔን ገፈው አላዩኝ፣ አያ ገብረትንሣኤ።» ወሎዬ መልስ አያጣም።
የአንደኛ ደረጃ ዋጋ ተከፈለው። እሱ ሲሄድ ፈረንጁ አለቃዬ ሙሴው እንደ ልማዱ መጣ... ጥቅሉ ላይ በቀይ ቀለም «ውዳቂ» ብለህ ጻፍ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጻፍኩ። ባቡር ላይ ሌባ እንዳይመኘው ነው ብዬ። ሌላ ለምን ይሆናል?
ቀለም ተረፈኝ። ሙደሲር ጥላውን ረስቶ ሄዷል። «ውዳቂ» ጻፍኩበት። ነገ ሲያየው!

ሰኔ ፲፩
ሁለት ቀን አኮረፈኝ። አሁን ዘርግቶት አራዳን ይዞርበታል። «አያ ገብረትንሣኤ ማዕረግ ሰጡኝ» እያለ።

ሰኔ ፲፱
የቀረጥ ቤቱ ጸሐፊ አቶ አጥናፉ እሪ በከንቱ ሰፈር አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነው። ዘንድሮ ግብሩ ጎደለ፣ ጉድለቱ በቆዳ ነጋዴዎች ላይ ተደለደለ አለኝ። የሙደሲር ሦስት እጥፍ ሆኗል።
«የእኛ ኩባንያስ?»
«ከሰርኩ ብሎ ግብር አይከፍልም። በአንደኛ ዋጋ ይገዛል፣ ባሕር ማዶ ዓደን ላለ ንግድ ቤት በውዳቂ ዋጋ ይሸጣል። ወረቀቱም ጥቅሉም እንደዚያ ይላል።»
«የዓደኑ ቤት የማን ነው?»
«የራሱ።»
«ለራሱ ሸጦ ከሰረ?»
ሳቅን። ዓደን ሲደርስ እንደገና አንደኛ ተብሎ ይሸጣል፣ ትርፉ እዚያው ይቀራል አለ።
አጥሩን ይዤ ቆምኩ... ጥቅሉ ላይ የጻፈው የማን እጅ ነው?

ሰኔ ፳
ዛሬ በማንም ላይ አልቀለድኩም።

ሐምሌ ፪
ግብሩን አልከፈለም ተብሎ የሙደሲር ሱቅ ታሸገ። እሱን ወስደው አሰሩት። ሚስቱ ዙህራ በዝናብ ርሳ መጋዘን ድረስ መጣች።
«አባባ፣ ቆዳው ውዳቂ እንዳልነበረ እርስዎ ያውቃሉ። ይናገሩለት።»
ብናገር በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? የልጅ ልጄ ዘነቡ የምትበላው ከዚሁ ግማት ነው። ደግሞም የጻፍኩት እኔ...

ሐምሌ ፭
ቀረጥ ቤት ሄጄ ተናገርኩ። አቶ አጥናፉ ሁሉንም ጻፈ፣ አስፈረመኝ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።
«ትርፉ ዓደን ነው ያለው፤ እጃችን አይደርስበትም። ሙሴውም ያለ አገሩ ቆንስል ዳኛ ፊት አይቆምም።»
«ታዲያ ማን ይቆማል?»
ወረቀቱን አየ። እኔን አላየኝም።
«የጻፈው ነዋ፣ አባቴ።»

ሐምሌ ፳፫
እስር ቤት ከገባሁ ዘጠኝ ቀን። ሙደሲር ተፈቷል። ዙህራ ሱቁ ውስጥ የነበረውን ቆዳ ሁሉ ሸጣ ግብሩን ከፈለች። የገዛው ማን ይሆን? ሙሴው። ያውም በእውነተኛ የውዳቂ ዋጋ።
ዛሬ ሙደሲር ቆሎ ይዞልኝ መጣ። ጣሪያው እላዬ ላይ ሲያፈስ አየና ጥላውን ዘርግቶ ራስጌዬ ላይ አቆመው።
«ይልቅ ለሙሴው ሽጠው፤ ዓደን ሲደርስ አንደኛ ይሆናል» አልኩት።
አልሳቀም። «ዘነቡ እኛ ዘንድ ናት» ብሎ ወጣ። በዚያ ዝናብ፣ ያለ ጥላ።
የጻፍኩበት ቀይ ቀለም ጨርቁን አልፎ ገብቷል። በጀርባዬ ስጋደም ከላዬ ይታየኛል... ተገልብጦም ይነበባል። ጽሕፈቴስ ያምራል።