የጠራው ውሃ

ጥር 6
ቦዩ ዛሬ ቀይ። ትናንት ሰማያዊ ነበር... ማቅለሚያ ፋብሪካው ምን እንደነከረ እኛ ከቦዩ ነው የምናውቀው። የልጅ ልጄ ጓሮዬን በርሜል በበርሜል አድርጋዋለች። ጭድ ከታ ሻጋታ ትዘራበታለች። "ሰው ሻጋታ ይጠርጋል፣ አንቺ ታረቢያለሽ?" አልኳት።
"እንጉዳይ ነው አያቴ፣ ቀለም ይበላል።"
ተምራ ተምራ የሻጋታ እረኛ!

ጥር 19
ጠራ! ቀዩ በላይ ገብቶ በታች ሲወጣ እንደ ምንጭ ውሃ። እልል ልል ስል አፌን ያዘችኝ። "ቀለሙን ቆራረጠው እንጂ አልጨረሰውም። ቁርጥራጩ አይታይም፣ ግን መርዝ ነው። ሌላ ጀርም የሚጨርስበት ሁለተኛ በርሜል ይቀራል።"
እሺ አልኩ። ምላሴ ግን መቼ ያርፋል... ለጎረቤቴ ለአጣቢዋ ነገርኳት። መጥራቱን ብቻ።

ጥር 24
አጣቢዋ ጀሪካን ይዛ ከበርሜሉ ሥር! ለእሷም ለፍየሏም። "ተይ አንቺ ሴትዮ፣ መርዝ ነው!" ብላት፣ "ለብቻችሁ ልትጠጡት ነው?" ቀይ እያለ ከሩቁ ቧንቧ ትቀዳ ነበር እንጂ ዞር ብላም አታየውም። ሰፈርተኛውም ተከተላት።

የካቲት 2
ፍየሏ ሞተች። ድዷን ገልጬ አየሁት፣ ጠቁሯል። "እርጅና ነው" አለች አጣቢዋ። የልጅ ልጄ እያለቀሰች ለመነቻት። "የኔ ልጅ፣ የጠራ ውሃ ይፈራል እንዴ?" ብላ ሳቀችባት። ስትስቅ ከንፈሯን አየሁት... ጠቆር አላለም? ወይስ ዓይኔ ነው? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የካቲት 5
የጓሮውን በር ቆለፍነው። ሰበሩት።

የካቲት 9
የቀበሌው ሹማምንት በርሜሉን ሊያዩ መጡ። ውሃው ጠርቶ ካዩ ለሁለተኛው በርሜል ሊረዷት ነበር። ያገኙት ቀይ ውሃ። "አይሠራም" ብለው ሄዱ።
ትናንት ከቦዩ በባልዲ ቀድቼ የጠራው ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ። ምን ላርግ? ውሃው ቢዘጋ እንጉዳዩ ይሞታል፣ ቢቆለፍ ይሰብራሉ፣ ቢነገራቸው ይስቃሉ... ቀይ ሲያዩ ግን ይሸሻሉ።
"የደፋሁት እኔ ነኝ" አልኳት ለልጅ ልጄ። ጭዱን ከበርሜል እያወጣች ትጥለው ጀመር። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።
አጣቢዋ ሰምታኝ ኖሮ፣ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ በደጄ አለፈች። "ምቀኛ! ብንጠጣ ምን ጎደለብሽ?"
ምቀኛ ነኝ፣ አዎ... ወደ ሩቁ ቧንቧ ነው የሄደችው። አጥር አጥሩን እየተደገፈች።