በነሐሴ ዝናብ ፀሐይ ነው ያልሽበት ድምፅ

እታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶበት። ከተለያየን አራት ወር ከምናምን ቀን ሆነን። ምናምኑን ያልቆጠርሁት ረስቼው አይደለም፤ ሲቆጥሩት ስለሚያደክም ነው። ዘንድሮ ሁሉም ነገር ያደክመኛል። ከፒያሳ ወደ ቤትሽ እያፏጨሁ የምወጣውን ዳገት አሁን ሁለት ቦታ እያረፍሁ ነው የምወጣው። ሰው ካየኝ ስልክ የምነካካ እመስላለሁ።

ቤትሽ እንዳለ ነው። በሩን አረንጓዴ ቀብቼዋለሁ፤ ከሱቄ በር የተረፈ ቀለም ስለነበረ አንቺን ሳላስፈቅድ ቀባሁት። የሽሮ ደንበኞችሽ አሁንም ያንኳኳሉ። ያቺ የላይ ሰፈሯ፣ ሁልጊዜ "በርበሬ አነሰው" እያለች ሁለት ኪሎ የምትወስደው፣ ባለፈው መጥታ "ከእሷ ወዲያ ሽሮ አልቀመስሁም" ብላ ደጃፍሽ ላይ አለቀሰች። በሕይወት ሳለሽ አንድ ቀን እንኳ ብትልሽ ምን ነበረበት።

የምጽፍልሽ ግን ስለ በርና ስለ ሽሮ አይደለም፤ ስለ ራሔል ነው። ልጅሽ ክረምቱን የተማረችበት የጣልያኑ ትምህርት ቤት ተመልሰሽ ሁለት ዓመት ተማሪ ብሎ ጠርቷት ነበር። እሷ ደግሞ አልሄድም አለች። እምቢ ያለችው በእኔ ምክንያት ነው፤ እኔ ያደረግሁትን ያደረግሁት ደግሞ በአንቺ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ግማሹን አታውቂውም።

የምታውቂው ግማሽ ይህ ነው። ባሕር ዳር ትምህርቷን በጨረሰች በሳምንቱ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘናት። ሐኪሙ የኩላሊትሽን ነገር ከነገረሽ ሦስት ሳምንት ሆኖ ነበር፤ ለእሷ ግን "ጨጓራዬን ነው" ብለሻት ነበር። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጄን ያዝሽና፣ "ብሞት እንኳ ሳትጨርስ እንዳትነግሯት። ማልልኝ" አልሽኝ። እንደ ልማዴ ላሥቅሽ ብዬ፣ "አንቺማ የእኔን ሣጥን ሳትመርጪ የትም አትሄጂም" አልሁሽ። አልሣቅሽም። ማልሁልሽ።

ሐምሌ ሳያልቅ ዐረፍሽ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ የእድሩ ዳኛ አያ ፈንቴ ቤተ ዘመዱን ሰበሰበ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ልጅቱ በሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ብትወድቅ ማን ያነሣታል ተባለ። ስትመጣ፣ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ እንደ ወጉ ይነገራት ተባለ። እስከዚያ ድረስ ማን ይሸፍን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "ደሴ አለ አይደል" አለ አያ ፈንቴ። "የእኔ በቅሎ ዓሣ ትበላለች ብሎ መንደሩን በሙሉ ያሳመነ ሰው ነው። አንዲት ልጅ ታቅተዋለች?" በልቅሶ መሀል ተሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ቀሎኝም ነበር። ራሔል በየእሑዱ ስትደውል "እናትሽን ጉሮሮዋን ይዟታል፣ ድምፅ የላትም" አልኋት። ከዚያ ፍልሰታ ገባ፤ "ሱባኤ ገብታለች፣ ስልኳን እኔ ጋ ትታ ሄደች" አልኋት። አሥራ አምስት ቀን ዐረፍሁ። ጾሙ ሲፈታ "ስልኳ ድምፅ አላወጣ ብሏል" ብላት፣ "አያ፣ አንተ ስልክ ጠጋኝ ሆነህ የእማ ስልክ አልሠራ አለ ትለኛለህ? ትንሽ አታፍርም?" አለችኝ። አፈርሁ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ፎቶ ትልክልሽ ነበር። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ስልክሽን ሳበራው ይንጋጋል። ጠዋት ጠዋት ትምህርት አላት፤ የድሮ ግንብ እንዴት እንደሚጠገን፣ ኖራ እንዴት እንደሚበጠበጥ። አንድ ቀን እስከ ክርኗ ኖራ ሆና፣ "እማ፣ አስተማሪያችን የጎንደርን ግንብ ቢያይ እኔን አባርሮ የእኛን ግንበኞች ይቀጥር ነበር" ብላ ጽፋለች። ቅዳሜ ሲሆን ከጓደኞቿ ጋር አገር ታያለች። ሁለት ናቸው። አንዷ የፖርቱጋል ልጅ ናት፣ ፎቶ ሲነሱ ሁሉ አፏ ሙሉ ነው፤ አንዱ ጋናዊ ነው፣ ከርዝመቱ የተነሣ ግንባሩ ፎቶው ውስጥ አይገባም። ውሃ ላይ የተሠራ ከተማ ሄደው፣ ታክሲው ጀልባ ሆኖባቸው፣ "እማ፣ ጎርጎራ ታንኳ ላይ ስጮህ የሣቅሽብኝ ትዝ ይልሻል? እዚህም ጮኽሁ" ትላለች። ደረጃው የማያልቅ ማማ ላይ ወጥተው ሦስቱም ምላሳቸውን ጎልጉለው ተነሥተዋል። እኔም "እናትሽ አይታዋለች፣ ሸጋ ነው ብላለች" እያልሁ እመልሳለሁ። ደስታው የተላከው ላንቺ ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ ሳየው የሰው ደብዳቤ ቀድጄ ያነበብሁ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል "ድምፅዋን ካልሰማሁ ትምህርቱን ትቼ እመጣለሁ" አለች። የቀራት ሁለት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ፣ እታለም፣ እስካሁን የሚከብደኝን ነገር ሠራሁ። ባሕር ዳር ሳለች የላክሽላት ድምፅ ስልክሽ ውስጥ አለ። አንዱን መረጥሁ፤ "እንዴት ነሽ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቢ" የሚለውን። ሁለት ስልክ አፍ ለአፍ ገጥሜ፣ በአንዱ አስወርቼ በሌላው ቀዳሁና ላክሁላት። ቸኩዬ ስለነበር እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም። ለካ ማሳረጊያው ላይ "እዚህ ፀሐዩ አናት ሊበሳ ነው" ብለሻት ኖሯል። እኔ ስቀዳ ደግሞ የሱቄ ቆርቆሮ በዝናብ ይንደቀደቅ ነበር።

ወዲያው ደወለች። "አያ፣ እማ ፀሐይ ነው ትላለች፤ ከኋላ ግን ዝናብ ይሰማኛል። ምነው?"

"ጅብ እየወለደች ነዋ" አልኋት። ልጅ ሳለች ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ሲመጣ የምነግራት ነው። ሣቀች፤ በጣም ሣቀች፤ አመነችም። አውቶቡስ ውስጥ ለጓደኞቿ አሰማቻቸው፤ የምትዪውን እየተረጎመችላቸው። እነሱም ስልኩ ላይ እየተጋፉ፣ በተሰባበረ አማርኛ "ሰላም እማ" ብለው ድምፅ ላኩልሽ። አሁንም ስልክሽ ውስጥ አለ። ልሰርዘው አልቻልሁም፤ ደግሜ ልከፍተውም አልቻልሁም።

በጳጉሜ መጣች። ጥቁሬን አውልቄ፣ በሐዘን ያሳደግሁትን ጢም ተላጭቼ አዘዞ ጠበቅኋት። ላንቺ የገዛችውን ሰማያዊ ሻርፕ እንዳይጨማደድ ብላ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ነው የወረደችው። "እማስ?" አለች። "ጠበል ናት፣ ነገ ትገባለች" አልኋት። እኔ ቤት አደረች። በማለዳ አያ ፈንቴና ጎረቤቶችሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት። ጮኸች፤ ሴቶቹ ያዟት። ከዚያ ድንገት ሽማግሌዎቹን ሁሉ ትታ እኔን አየችኝ።

"ድምፁስ?" አለችኝ። "አያ፣ ድምፁስ?"



ከዚያ ወዲህ በእኔና በእሷ መካከል የቀረው "እንደምን አደርህ" ብቻ ነበር። አርባሽን እሷ ሳትመጣ አውጥተን ነበር። "እናንተ ስትቀብሯት እኔ ማማ ላይ ምላሴን አወጣ ነበር" ብላ ለሴቶቹ ስትነግር ሰማኋት። የክረምቱን ፎቶ በሙሉ ከስልኳ አጠፋች። ጓደኞቿ ሲደውሉም አታነሣም። ትምህርቷ እንዳይበላሽ ብለን የጠበቅንላትን ክረምት እንዳለ አበላሸንባት።

ባለፈው ሳምንት በቀትር ሱቄ መጣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አልሄድም" አለች። "ትምህርቱን ጠልቼው አይደለም። እዚያ ሆኜ ደህና ነን ስትሉኝ እንዴት ብዬ ነው የማምነው? እዚህ ብሆን በዓይኔ አያለሁ።"

ልቀልድ አሰብሁ፤ እሷ ቀደመችኝ።

"የእማን ነገር ንገረኝ" አለች። "ሁሉንም። ሳታሳምር።"

ነገርኋት። ኩላሊትሽን፣ ባጃጅ ውስጥ ያስማልሽኝን፣ የመጨረሻውን ጠዋት። ውሃ ስትዪኝ ሐኪሙ ስለከለከለ ከንፈርሽን በጥጥ ሳርስልሽ፣ "ልጄ አሁን የት ናት?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "ክፍል ገብታለች" አልሁሽ። "እንግዲያስ አትረብሿት" አልሽና ወደ ግድግዳው ዞርሽ። ይህንንም ነገርኋት። በሕይወቴ ያልጨመርሁበት፣ ያልቀነስሁበት ወሬ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። "አንተስ፣ ደህና ነህ?" አለችኝ።

"እኔማ በሬ ነኝ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ተውሁት።

"ግራ ዓይኔ አያይም" አልኋት። "ከመስከረም ጀምሮ። ብሎን የምፈታው በዳበሳ ነው። ለማንም አልተናገርሁም።"

ብድግ አለችና የሱቁን በር ሳበችው። ሥራ አለብኝ ብላት፣ "የሰው ስልክ ከምትጨርስ ተነሥ" አለችኝ። ከጳጉሜ ወዲህ የቀለደችብኝ ያን ቀን ነው። ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለ፤ ወረፋ ይዣለሁ። ራሔል እሱን አስጨርሳኝ ወደ ጣልያን ትሄዳለች። ስምምነታችን ይህ ነው፦ እሑድ ስንደዋወል መጀመሪያ ያመመኝን እነግራታለሁ፤ ቀልዱ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ብሞት በዚያው ዕለት፣ በስልክም ቢሆን፣ ብቻዋንም ብትሆን ይነገራት ብዬ አያ ፈንቴ ዘንድ ሄጄ ተናግሬአለሁ። "ወግ ልታፈርስ ነው?" ብሎ ተቆጣኝ። ይፍረስ አልሁት።

እታለም፣ ለልጅሽ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ተሳስተሻል፤ እኔም አብሬሽ ተሳስቻለሁ። እሷ አንቺን የመሰናበት መብት ነበራት፤ እኛ ሁለታችን ተማክረን ነጠቅናት። ይህንን የምልሽ ልቀየምሽ ብዬ አይደለም። ደክሞኛል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ማሳመር አይችልም። አልረሳሽም። ስለ አንቺ ሲጠይቁኝ ደግነትሽን እናገራለሁ፤ ፍርሃትሽንና ግትርነትሽንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ከእንግዲህ ልጅሽ የምትሰማው ያንን ነው።

ወንድምሽ ደሴ