በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ሆስፒታል

ጥቅምት 3
አራት ሰው መንዳት አሠለጠንኩ። መኪናዋም በሰላም ገባች። አንጀቴ ግን ዛሬም ተቆጥቷል። ሦስቴ ነዳጅ ማደያው ጋ "ፓርኪንግ እንለማመድ" እያልኩ አስቁሜ ሽንት ቤት ሮጥኩ። ዘጠኝ ዓመት ከዚህ በሽታ ጋር... ማንም አልነቃብኝም። ከሠልጣኞቼ አንዷ፣ ጡረታ የወጡት መምህርት ብቻ፦ "ልጄ፣ እዚህ ማደያ ማቆሙንማ ተካንኩበት። ሌላ ቦታ ክልክል ነው እንዴ?" ሳቄን ዋጥኩ።

ጥቅምት 9
ለደም ምርመራ ሄድኩ። የአንጀት መድኃኒቱን ስለምወስድ በየሦስት ወሩ ያለ ነው።

ጥቅምት 11
የአንጀት ሐኪሜ ደወለ። በልምምድ መሃል። "ነጭ የደም ሴልሽ ከልክ በላይ በዝቷል። አሁኑኑ ነይ።" ስልኩን ዘግቼ ቦርሳዬን አነሳሁ። መሪ የያዙት መምህርቷ አዩኝ።
"ወዴት ልንዳ?"
"ሆስፒታል... ግን እርስዎ ዋና መንገድ ገብተው አያውቁም።"
"ዛሬ ገባኋ!"
በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት። ከኋላችን ክላክስ በክላክስ። "ይጩሁ! ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ጩኸት ስሰማ ኖሬያለሁ።" እየፈራሁም ሳቅኩ። ዘጠኝ ዓመት የደበቅኩትን መንገድ ላይ ዘረገፍኩላቸው። ለምን ቀለለኝ?

ጥቅምት 20
የደም ካንሰር። ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት።
"አንጀቴ ነው ያመጣው?" አልኳት የደም ሐኪሟን።
"እንዳንቺ አንጀታቸው ለዓመታት የተቆጣ ሰዎች ላይ አንዳንዴ እናየዋለን። ያንቺ ከዚያ ይምጣ አይምጣ ግን አላውቅም። በየቀኑ ኪኒን ትውጫለሽ። ብዙዎች በሱ ዕድሜ ጠግበው እየኖሩ ነው።"
ብዙዎች... እኔስ?

ጥቅምት 21
አለቀስኩ።

ኅዳር 2
ለእህቴ ደወልኩ። የስምንት ሰዓት መንገድ ርቃ ነው የምትኖረው። አንጀቴን ፈርቼ ስድስት ዓመት አልሄድኩም፣ ሰበብ እየደረደርኩ። እውነቱን ነገርኳት። እሷም፦ "ንቀሽኝ መስሎኝ ነበር እኮ፣ አንቺ ጅል!" ተሰዳደብን፣ ተላቀስን፣ ተሳሳቅን።

ጥር 18
"ደምሽ ወደ ልኩ ተመልሷል" አለች ሐኪሟ። "ክትትሉ አይቀርም። መንገድ ግን መሄድ ትችያለሽ።" መምህርቷም የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን አለፉ! "እህትሽ ጋ ላድርስሽ?" አሉኝ። "ቲቸር፣ በእርስዎ ፍጥነት ሳምንት ይፈጃል!"

ጥር 24
እህቴ ቤት ነኝ። ስሳፈር ለአውቶብሱ ሾፌር ሁሉንም ነገርኩት፣ ሰው እየሰማ። አምስቴ ቆመልኝ።
የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ገና አየኋት። በር ላይ ቆማ ገላመጠችኝ።
"ክፍልሽን ለአክስትሽ ልቀቂ ተባልኩ። ሽንት ቤቱ አጠገብ ስለሆነ።"
"ተቀየምሽኝ?"
አሰበች። "ክፍሉን ውሰጂ። አልጋው ግን የኔ ነው።"
ከምሳ በኋላ አብረን ተጋደምን። እንቅልፍ ሲወስዳት እግሯን ሆዴ ላይ ጣለችው።
አላነሳሁትም።