ስምንት መቶ ነኝ የሚለው ካሜራ

ጥቅምት 6
ልብስ አጠብኩ። ልጄ ሮሐ ከሽሮ ሜዳ ኩርፍ ብላ ገባች። በአባቷ ካሜራ ሸማኔዎችን ስትቀርጽ ውላ ፊታቸው ሁሉ ጨለመባት።
«እማዬ፣ የአባባ ብርሃን መለኪያ ሳይበላሽ አይቀርም።»
ልብሱን ላሰጣ ወጣሁ።

ጥቅምት 7
ለራሴ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በአንድ ሰርግ ዋዜማ፣ ያን በእጅ የሚያዝ መለኪያ ከቁም ሣጥን ላይ ጣልኩት። ጠርጌ ቦታው መለስኩት። ባሌ ስብሐት በማግስቱ ይህንኑ ካሜራ፣ ያኔ አዲስ ነበር፣ ይዞ ሄደ። በቀትር ፀሐይ የካሜራው ምስል ማሳያ አልታይ ብሎት መለኪያውን አመነ... ሙሽሮቹ ቪዲዮው ላይ ጠቆሩ። «ዓይንህ ደክሟል» አሉት። ከዚያ ወዲያ የጠራው የለም። ዓይኑን እንደተጠራጠረ ሞተ። እኔ ትንፍሽ አላልኩም።

ጥቅምት 9
መዝገበ ቃላት ይዤ የካሜራውን መመሪያ አራት ገጽ አነበብኩ። ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት አቅም በቁጥር ይነገራል፤ ያንኑ ቁጥር መለኪያው ላይ መሙላት ነው። ሮሐ ሁለቱንም 800 ላይ አድርጋለች። ታዲያ ጥፋቱ የት ነው? መለኪያው ነዋ... እኔ ነኝ።

ጥቅምት 11
የሮሐ የሥራ ባልደረባ ደበላ አዲስ መለኪያ ይዞ መጣ። በረንዳ ላይ ሁለቱን አገጬ ሥር ያዛቸው።
«እትዬ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ፣ መርፌ አይደለም።»
ሌንሱ ምን ያህል ይከፈት እንደሆነ ሁለቱም አንድ ቁጥር ሰጡ፤ 5.6።
«ድገመው።» ደገመው። ያው።
ካሜራውን 800 ላይ ትቶ የእኛን መለኪያ ብቻ ዝቅ እያደረገ፣ ሌንሱንም መለኪያው እንዳለው እየከፈተ ቀረጸኝ። 640... 500... 400 ላይ ፊቴ ጥርት አለ።
«ጉረኛ ካሜራ! 800 ነኝ ይላል፣ አቅሙ ግን 400 ነው። መለኪያውን 400 ላይ ያድርጉት፣ ይስማማሉ።»
መለኪያው ደህና ነው። የስብሐትም ዓይን ደህና ነበር።

ጥቅምት 12
ለሮሐ ነገርኳት። መጣሌን፣ መደበቄን። ድስት እያጠበች ነበር፤ ቧንቧውን ዘጋች።
«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ?... ለአባባ መንገር ነበረብሽ።»
አዎ። ነበረብኝ። ይህ አይፋቅም።
ቆይታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ነገ ሽሮ ሜዳ የምትለኪው አንቺ ነሽ።»

ጥቅምት 13
ሸማኔው አቶ ጢሞቴዎስ መለኪያውን ሳስጠጋባቸው፣ «ትኩሳት አለብኝ እንዴ?» አሉ። ሳቅኩ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ለሮሐ ተናገርኩ። ፊታቸው እስከ ሽብሽባቸው ታየ።
ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስንት ዓመት እንቅልፍ ያጣሁትን እኔን! «እማማ፣ መጨረሻ ነው!» ሲል ረዳቱ ቀሰቀሰኝ። ሮሐም ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ሰፈራችንን አልፈነው... እየሳቅን በእግራችን ተመለስን።