የጨው ሰው ወንድም

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ሰባት ሰው። ሁለት ውክልና፣ አንድ የፍቺ ወረቀት፣ የቀረው የፍየል ነጋዴ ፈቃድ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። ዓይኔ ይቃጠላል። መብራት ሁለቴ ሄደ። ደከመኝ ደብተሬ። ደከመኝ ብቻ ነው የምጽፍብህ፣ አውቃለሁ። ቻለው።

ስመለስ በታናሼ በዓለሙ ቪዲዮ ቤት በኩል አለፍኩ። ጭቅጭቁ ከመንገድ ይሰማል፣ ገባሁ። የጨው ሰው ፊልም በፍላሽ መጥቶለት ትናንት አሳይቷል። ናይሮቢ ካየው ዓመት አልፎታል፣ እዚህ ድንበር ላይ ላለነው ግን ገና አዲስ ነው። ሰውየው ጨው ቆፋሪ ነው፤ ጉድጓዱ ይደረመስበታል፤ ሲወጣ ገላው ጨው ሆኗል። ጥይት አይበሳውም፣ ዝናብ ግን ይፈራል። ዝናብ ስንለምን በምንኖርበት አገር ዝናብ የሚፈራ ጀግና እንዲህ መወደዱ ይገርመኛል።

ዓለሙ ተቆጥቷል። በፊልሙ ሰውየውን ከጉድጓድ የምታወጣው አንዲት መሐንዲስ ናት። ወንድሙስ? የት አደረሱት? ፊልሙ የተሠራበት የሥዕል መጽሐፍ፣ ኮሚኩ ላይ ገመድ ይዞ ሦስት ቀን የጎተተው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ነጮቹ ሰረዙት፣ ይላል። ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ የሚነዳው ጉዮ ደግሞ ይስቅበታል። ፊልም ፊልም ነው፣ ባሲ፣ በቃ፣ ወረቀቱን ማን ያነባል፣ ልጅቷ ደግሞ ቆንጆ ናት አለ። ግማሹ ቤት ከጉዮ፣ ግማሹ ከዓለሙ ጋር።

ዓለሙ ሲያየኝ ፊቱ በራ። ጋሼ ንገራቸው፣ አንተ አይደለህ ያነበብክልኝ አለ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩና ወጣሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ነገሩ ይበርዳል ብዬ ነበር። የት አባቱ።

ኑሪያ ገባችበት። መድኃኒት ቤት የምትሠራው፣ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ። ናይሮቢ ተምራ መጥታለች፣ ኮሚክ የሚሉትን ሁሉ በስልኳ ታነባለች። ወንድምም የለም፣ መሐንዲስም የለም፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል አለቻቸው። ፊልም ሠሪ ታሪክ ያበላሻል፤ ዋናው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱን ያላነበበ ባይከራከር ይሻለዋል። ጉዮ ተናደደ። ፊልሙን ያየ እንጂ ያነበበ ማን አለ፣ እኔ የምወደው ያየሁትን ነው፣ በኛ ላይ እንግሊዝኛሽን አትቁጠሪ አላት። እውነቱን ነው ብዬ አስባለሁ። እሷም እውነቷን ነው።

ዓለሙ ግን ከሁለቱም ጋር አይደለም። አንቺ ያነበብሽው አዲሱን ነው፣ የድሮውን ያነበበ እዚህ አገር አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ወንድሜ ነው አለ። ይህንን ሁሉ የነገረኝ ዛሬ ቢሮዬ መጥቶ ነው፣ እየሳቀ። ኑሪያ የድሮውን እትም ከናይሮቢ በአውቶቡስ ልታስመጣ ቃል ገብታለች። ሲመጣ እኔ በሰው ፊት እንዳነበው ተስማምተዋል።

አልጠየቁኝም። ማን ይጠይቃል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8። ከሰዓት

ለሐረግ እንኳ ያልነገርኳትን ልጻፍ። አሥራ ስምንት ዓመት ሚስቴ ናት፣ ይህን አታውቅም። አንተ አፍ የለህም።

ከአገር ተሰደን ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ሳለን እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ዓለሙ አሥር። ለአባባ በእርዳታ የደረሰው ኮት ኪስ ውስጥ ኮሚኩ ተጣጥፎ ተገኘ። ሽፋን የለው፣ ዳር ዳሩ ውሃ የጠጣ። እኔ አራተኛ ክፍል አቋርጬ ነው የተሰደድኩት። ኤ ቢ ሲዲውን እቆጥራለሁ፣ አለቀ። ዓለሙ፣ ጋሼ ምን ይላል? አለኝ። አላውቅም ማለት አቃተኝ። ጣቴን በፊደሉ ላይ እየጎተትኩ ሥዕሉን እያየሁ ፈጠርኩለት። አንዱ ገጽ ላይ ጉድጓድ አፍ የቆመ፣ ገመድ የያዘ ትንሽ ልጅ አለ። ማነው? ወንድሙ ነዋ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ እሱ ነው ጎትቶ የሚያወጣው አልኩት። ደስታው አይነገርም። ያንን ገጽ በቀን አሥር ጊዜ አስነበበኝ።

የጎረቤት ልጆችም መጡ። በየከሰዓቱ በድንኳኑ ጥላ ሥር አነባለሁ። ስሜ ወጣ፣ የታምራት እንግሊዝኛ ተባለ። አባባ ጆሮ ገባ፣ ኮራ።

ኋላ የሚሽን ሰዎች መጡ። ከየቤተሰቡ አንድ ልጅ አዳሪ ት/ቤት እንወስዳለን አሉ። አባባ ሁለታችንንም አየን። ዓለሙ ከእኔ ፈጣን ነበር። ሒሳብ በቃሉ ይሠራል፣ አንዴ የሰማውን አይረሳም። አባባም ይህን ያውቃል። ግን ዓለሙ ራሱ ተናገረ። ጋሼ ይሂድ፣ እሱ ማንበብ ይችላል፣ እኔ ሄጄ ምን አደርጋለሁ አለ። አባባ ተስማማ።

እኔ ዝም አልኩ። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ።

ዓለሙ ከብት መኪና ላይ ሲጭን አደገ። ከዚያም ሲሚንቶ። ወገቡን ዘወትር የሚያመው ለዚህ ነው። ለእኔ ደግሞ በሰው እጅ ሳሙናና ጫማ ይልክልኝ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደ።

እሁድ፣ የካቲት 9

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዓለሙ ጋ ገባን፣ ከሐረግ ጋር። ግድግዳ ላይ ያሣለውን አሳያት፣ መቶ ጊዜ ያየችውን። የጨው ሰው ከታች፣ ታናሹ ከላይ፣ ገመዱ መካከላቸው። ልጆቹን፣ አጎታችሁ እንዲህ ሆኖ ነው የተማረው፣ እኔ ነኝ የጎተትኩት ይላቸዋል። ቂም የለበትም እኮ። ይኮራበታል። ቂም ቢይዝብኝ ይቀለኝ ነበር።

ምሳ አልበላልኝ አለ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሥራ በዛ። ረመዳንም ዐቢይ ጾምም ሊገቡ ነው፣ ነጋዴው ሁሉ ወረቀቱን ዛሬ ጨርስልኝ ይላል። አንዱ የጎልቦ ገጠር ሰውዬ የግመል ሽያጭ ውል ይዞ መጣ። አነበብኩለት። ትክክል ነው ወይ አለኝ። ትክክል ነው አልኩት። እግዜር ይስጥህ ብሎ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ሳያነብ፣ በእኔ አፍ አምኖ። ስንት ዓመት እንዲህ ስበላ ኖርኩ።

ኮሚኩ ደረሰ አሉ። ቅዳሜ ነው ንባቡ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ኑሪያ መጣች፣ ብቻዋን። ኮሚኩን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛለች። የድሮው እንደገና ታትሞ ነው፤ አዲስ ወረቀት፣ የድሮው ሥዕል። ገጹን ፈልጌ አገኘሁት። ያው ጉድጓድ፣ ያው ገመድ፣ ያው ትንሽ ልጅ። አሁን ደግሞ ማንበብ እችላለሁ።

ልጁ ወንድሙ አይደለም። ራሱ ነው። ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ልጅነቱን ያስታውሳል፤ ከውሃ ጉድጓድ በገመድ ውሃ ሲቀዳ። ከዚያ ብቻውን፣ በጥፍሩ ቆፍሮ ይወጣል። ማንም አልጎተተውም። ወንድም የሚባል በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

ኑሪያ አየችኝ። ብልህ ልጅ ናት፣ ገባት። ጋሽ ታምራት፣ እኔ ምንም አልልም፣ እርስዎ እንደፈለጉ ያንብቡት፤ ሰው ሁሉ ዓለሙን ይወደዋል፣ እኔ ተሸነፍኩ ብል ምን እሆናለሁ አለችኝ። ሰሞኑን በወረቀቱ ስትምል የከረመች ልጅ ናት እንዲህ የምትለው።

አመሰግናለሁ አልኳት። ሄደች። ገጹን ከፍቼ ተቀመጥኩ፣ ባለጉዳይ እስኪቆጣ ድረስ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

እንቅልፍ የለኝም። ጠዋት ለሐረግ ነገርኳት። ሁሉንም። ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ልጅ ነበርክ አለችኝ። እሱ እውነት ነው፣ ልጅ ነበርኩ። አሁንስ? አርባ አምስት ዓመቴ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ልጅ ነበርኩ እላለሁ?

ነገ ዓለሙ እንደሚለው ላንብበውና ይለፍ? የሚጎዳ የለም። ዓለሙ ይደሰታል፣ ጉዮ ይስቃል፣ ኑሪያ ዝም ትላለች። ከሐረግ፣ ከኑሪያና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ሲጽፉት ቀላል ነው።

ሐረግ ምን አድርግ አላለችኝም። ከእሷ ልሰማ የፈለግኩት እሱን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15። ከምሽቱ 1 ሰዓት

አነበብኩ።

ቤቱ ሞልቷል። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ልጆች መሬት ተቀምጠዋል። ዓለሙ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ እንደ ሠርግ። ከፊት ወንበር ሰጠኝ። እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ጉዮ ደግሞ አማርኛ ለማይሰሙት በቦረንኛ ይቀጥላል። ጥሩ ሄደ። ሰውየው ወረደ፣ ጉድጓዱ ተደረመሰ፣ ጨለመ።

ገጹ ደረሰ። የተጻፈውን አነበብኩ። ልጅ ሳለሁ ውሃ ስቀዳ ትዝ አለኝ ይላል። ብቻዬን ወጣሁ ይላል። ጉዮ ሲተረጉመው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ዓለሙ፣ ግለጠው፣ ወንድሙ የሚመጣው ቀጥሎ ነው አለ። ገለጥኩት። የለም። ኑሪያ ጫማዋን ታያለች።

ያን ጊዜ ዓለሙ ተነሥቶ ወደ ሰው ዞረ። አያችሁ፣ እንደገና ሲያትሙት ቀይረውታል አለ። ፊልሙን እንዳበላሹት ወረቀቱንም አበላሹት፤ የድሮውን ወንድሜ በዓይኑ አንብቦታል፣ እሱ አይዋሽም። ለእኔ ነው የሚከራከረው። የማምለጫውን በር ወለል አድርጎ ከፈተልኝ፤ አዎ ማለት ብቻ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር ደብተሬ፣ እምልልሃለሁ።

"አልቀየሩትም ዓለሙ" አልኩት። "ያኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም ነበር። ከሥዕሉ ፈጥሬ ነው የነገርኩህ።"

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። ፊቴን ሲያይ ሳቁን አቆመ። አባባ ያውቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ቀስ ብሎ። አያውቅም አልኩት። የሚሽን ሰዎች የመጡ ቀንስ አለ። ያን ቀንም አልችልም ነበር አልኩት።

ሌላ አልጠየቀም። ሄዶ ፊልሙን ከፈተው። መሐንዲሷ ገመድ ስትጥል ማንም አላጨበጨበም፣ ጉዮ እንኳ። ዓለሙ ከኋላ ጄነሬተሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ስወጣ ቀና ብሎ አላየኝም።

ቀለለህ ወይ ትለኝ ይሆናል። አልቀለለኝም። አፈርኩ፣ እንደ አሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አፈርኩ።

እሁድ፣ የካቲት 16። ከቀኑ 10 ሰዓት

ቅበላ ነው። ሐረግ ዶሮ ሠራች። በየዓመቱ ዓለሙ ከነቤተሰቡ እኛ ጋ ነው የሚውለው። ሚስቱና ልጆቹ መጡ፣ እሱ ቀረ። ወገቡን አሞት ነው አለች ሚስቱ። ዓይኔን አላየችኝም። ልጆቹ ምንም አልገባቸውም፣ ይጫወታሉ።

ሳልበላ ተነሥቼ ሄድኩ። በዚያ ፀሐይ በእግሬ።

አልጋው ላይ በጎኑ ተኝቷል፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ። በሩ ላይ ቆምኩ። ግባም አላለኝ፣ ውጣም። ይቅር በለኝ አልኩት። እንዳልሰማ ሆነ። ኋላ፣ እንዲያው አዳሪ ት/ቤቱ ስትደርስ ምን አሉህ ብሎ ጠየቀኝ። ማንበብ እንደማትችል ሲያውቁ ምን አደረጉህ?

ይህን በሕይወቴ የጠየቀኝ የለም። ፈተኑኝ፣ ሁለት ክፍል ዝቅ አድርገው ከትንንሾቹ ጋር አስቀመጡኝ አልኩት። ሳቁብኝ። ከዚያ አስተማሩኝ።

"አስተማሩህ?"

"አዎ።"

"ማንበብ የማይችለውንም ይቀበሉ ነበር?"

አዎ አልኩት። አብዛኛው አይችልም ነበር።

ልጆቹ የተዉት ቲቪ ከማዶ ያወራል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ወንድሜን ሲያለቅስ ያየሁት አባባን ስንቀብር ብቻ ነበር።

"ሳይችሉ ሄደው ነው ለካ የሚማሩት" አለ። "እኔኮ የሚችል ብቻ ነው የሚሄደው ብዬ ነው።"

ልጠጋው አንድ እርምጃ ሄድኩ።

"ሂድ አሁን ታምራት" አለኝ።

በስሜ። ጋሼ አላለም።

ወጣሁ። ቤት ተመልሼ ዶሮውን በላሁ፣ ሐረግ እንዳታዝን። ምን አለህ አለችኝ፣ ሂድ አለኝ አልኳት። ነገስ አለችኝ።

ነገ ቢሮ ከመክፈቴ በፊት እሄዳለሁ። ሂድ ካለኝ እመለሳለሁ፣ ከነገ ወዲያም እሄዳለሁ። ዝም ማለቱን እኔ ጀምሬዋለሁ፣ አሁን የእሱ ተራ ነው፤ የፈለገውን ያህል ዝም ይበለኝ። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።